የትከሻዬ ካሣ

አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ክረምት ገብቶ ተማሪው ሲበተን ደግሞ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ቀለምና ብሩሽ ይዤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እየዞርኩ በትምህርት ቤት ግድግዳዎች ላይ ካርታ እሥላለሁ። ሥራው የመጣው ሳላስበው ነው። የወረቀት ካርታ ዓመት ሳይሞላው እየተቀደደ ሲያስቸግረኝ አፍሪካን ከነወንዞቿ የክፍሌ የውጪ ግድግዳ ላይ ሣልኳት። እሷን ያየ የሌላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጠራኝ፤ ከዚያ ሌላው ጠራኝ። ባለቤቴ "ክረምት ሲመጣ እኔን ትተሽ ግድግዳ ታገቢያለሽ" እያለ ይቀልድብኛል።

አደጋው የደረሰብኝ ለዚሁ ሥራ ስዘጋጅ፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ቀለም ልገዛ ወጥቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፣ አስፋልቱ ግን ገና እርጥብ ነው። ከመናኸሪያው ብዙም ሳልርቅ ዜብራው ላይ መሻገር ጀመርኩ። ሚኒባሱ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ሹፌሩም አይቶኛል፤ ፍሬን ሲይዝ ሰምቻለሁ። መኪናው ግን አልቆመም፣ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። ወደ ኋላ ልመለስ ስዞር የጎን መስታወቱ ቀኝ ትከሻዬን መታኝና በዚያው ክንዴ ላይ ወደቅሁ።

ወድቄ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቀሚሴ ነው። ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ለመነሣት በቀኝ እጄ መሬቱን ልደገፍ ስል ክንዴ አልታዘዝ አለኝ፤ ሕመሙም ያኔ መጣ።

ሰው ወዲያው ከበበኝ። ግማሹ "አንሷት" ይላል፤ ግማሹ "ትራፊክ ሳይመጣ መኪናው ንቅንቅ እንዳይል" ይላል። ሹፌሩ ቀጭን፣ ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ የሚሆን ሰው ነው። አጠገቤ ተንበርክኮ "እናቴ፣ ይቅር በሉኝ፤ ወላሂ ፍሬን ይዤ ነበር" ይላል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩን የቆረጡት ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ከመኪናው ወርደው ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር።

"ድንጋይ አምጡና ጎማው የቆመበት ላይ ምልክት አድርጉ" አሉ። "ከዚያ እሷን በዚሁ መኪና እናድርሳት። ትራፊኩ ሲመጣ ድንጋዩን ይለካ።"

እንዳሉት ሆነ። ረዳቱ ድንጋዮቹን እየጠበቀ መንገድ ላይ ቀረና እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። ወደ መቂ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች አንዳቸውም አልወረዱም። ሴትዮዋ ክንዴን በነጠላቸው አስረው እንደ ሕፃን አቅፈውልኝ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ "ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ" እያለ ሹፌሩን እየመራ፣ ሆስፒታል ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ስሰናበታቸው ነጠላቸውን ልመልስ ብል እጃቸውን አወናጨፉብኝ። ከዚያ በኋላ አግኝቻቸው አላውቅም፤ ነጠላው ግን አሁንም ቤቴ ነው።

የተሰበረው የላይኛው የክንዴ አጥንት ነው፣ ትከሻዬ ሥር። ብረት ገባልኝ። ሐኪሙ አጥንቱ እንደሚገጥም፣ ትከሻው ግን እንደ ቀድሞው ለመዞሩ ዋስትና እንደማይሰጠኝ ነገረኝ። ባለቤቴ የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ከመስክ በጫማው እንደቆሸሸ መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና ብርቱካን ይልጥልኝ ጀመር። ሲጨንቀው የሆነ ነገር መላጥ ይወዳል። በማግስቱ ቤት ውስጥ ያልተላጠ ድንች አልነበረም።

ስለ ካሣ መጀመሪያ ያነሣችው ታላቅ እህቴ ናት። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ከደንበኛም፣ ከደላላም፣ ከግብር ሰብሳቢም ጋር ስትከራከር ያረጀች ሴት ናት፤ ክርክር ሲጠፋ ይደብራታል። ትራፊክ ፖሊሱ ሆስፒታል መጥቶ ቃሌን ሲቀበል እሷ ከጀርባው ቆማ እያንዳንዱን ቃል ትሰማ ነበር።

"መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን አለው" አለችኝ ፖሊሱ እንደሄደ። "መድን አለው ማለት ግን ገንዘቡ አንቺን ፈልጎ ይመጣል ማለት አይደለም። አንቺ ነሽ ሄደሽ የምታመጪው። ከሹፌሩ ጋር ደግሞ ወሬ እንዳታበዢ።"

"ምን አደረገኝ? አስቦ አልገጨኝ።"

"አላልኩሽም? ገና ከአልጋ ሳትነሺ ማርሽው።"

ክንዴን በአንገቴ ማንገት እንደቻልኩ የመድን ድርጅቱ ዘንድ ሄድን። ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚስተናገድበት ቢሮ ከሕንፃው ላይኛው ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። በደረጃው ላይ ክራንች የያዘ ሰውዬ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ አገኘነው። እህቴ "ይኼን ቢሮ እዚህ ያደረገው ሰው ጤነኛ ነው መሰለኝ" አለችው፤ ሰውዬው እየሣቀ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

የተቀበለችኝ ሠራተኛ ወጣት ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ ስታዳምጥ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ይህ ባሕሪዋ ደስ አለኝ። የሚያስፈልገውን ነገረችኝ፦ የፖሊስ ሪፖርት፣ የሕክምና ደረሰኞች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ ክንዴ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚወስንበት ማስረጃ።

"ቦርዱ ሳይወስን ፋይሉ አይንቀሳቀስም፤ ቦርዱ ደግሞ ሕክምናዎን ሳይጨርሱ አያይዎትም። ስለዚህ ይታከሙ፣ አይቸኩሉ" አለችኝ። ከዚያ "የመምህርነት ደመወዝዎ ተቋርጧል?" ስትል ጠየቀችኝ።

"አልተቋረጠም።"

"እንግዲያው የገቢ ማጣት ብለን የምንይዘው ነገር የለም ማለት ነው።"

ስለ ካርታዎቹ ነገርኳት። በዚያ ክረምት ዓለም ጤናና አርሲ ነገሌ ባሉ ትምህርት ቤቶች ልሠራ ተስማምቼ እንደነበር፣ ሥራው ክንድን ከራስ በላይ ማንሣት እንደሚፈልግ አስረዳኋት።

"ግድግዳ ላይ ነው የሚሥሉት?" አለች።

"አዎ፣ በዘይት ቀለም።"

"ማስረጃ አለዎት?"

"ካርታዎቹ አሉ። ግድግዳውን ነቅዬ አላመጣልሽም እንጂ።"

ሣቀች። "ግድግዳው እዚያው ይቁም። ያሠሩዎት ትምህርት ቤቶች ሥራውን ሲሠሩ እንደነበር በማኅተም ያረጋግጡልኝ፤ ፎቶም ይጨምሩበት። ተቀባይነት ያገኛል ብዬ ቃል አልገባም፤ ግን አቀርብልዎታለሁ።"

ስንወጣ እህቴ ደረጃው ላይ "ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ስለዚህ መጠንቀቅ አለብን" አለች።

ሹፌሩ ቤታችን የመጣው በዚያው ሰሞን፣ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ነው። ሚስቱ አብራው አለች፤ ሙዝና ፓፓያ ተሸክማለች። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው አዳማ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። መኪናው የእሱ አይደለም፣ የአንድ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከቆመ ወዲህ ሥራ ፈትቷል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ እሱ ዐይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሏል። ሻይ ቀረበ። እህቴ ሻይዋን ሳትቀምስ ታማስላለች።

በመጨረሻ እሱ ራሱ ተናገረ። "ቲቸር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለፖሊስም እንዲሁ ብያለሁ፣ ለዳኛውም እላለሁ። እርጥብ መንገድ ላይ እንደዚያ መምጣት አልነበረብኝም። የመጣሁት እርቅ ልለምን ነው። እርቅ ካለ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልልኛል ብለውኛል።"

እህቴ ማማሰሏን አቆመች። "እርቅ ፈርማ መድን ድርጅቱ 'ታርቀሽ የለም እንዴ፣ ምን ፈልገሽ መጣሽ' ቢላትስ?"

ሹፌሩ ወደ ሚስቱ ዞረ። እውነቱን ለመናገር ሕጉን እኔም አላውቀውም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በጉዳዩ ላይ የየራሱ ሕግ ነበረው። አንዱ "ከፈረምሽ አበቃልሽ" ይላል፤ ሌላው "ካልታረቅሽ ኃጢአት ነው" ይላል፤ የፋርማሲው ሰውዬ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቀን ነግሮኛል። ስለዚህ ከጥቂት ቀን በኋላ ደረጃውን ወጥቼ መነጽር ያደረገችውን ልጅ ጠየቅኋት።

"እርቁ የወንጀሉን ጉዳይ ይመለከታል፤ ቢታረቁ ደስ ይለናል" አለችኝ። "ጽሑፉ ውስጥ 'ካሣ ተቀብያለሁ' ወይም 'የካሣ ጥያቄዬን ትቻለሁ' የሚል ቃል ብቻ እንዳይገባ። እሱን አንብበው ይፈርሙ።"

ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ፤ አንዱ ከእኛ ቸርች፣ አንዱ ከሹፌሩ መስጊድ፣ አንዱ ደግሞ የሰፈራችን አዛውንት ኦሮሞ፣ ሁላችንም "አባባ" የምንላቸው። ሥነ ሥርዓቱን የመሩት እሳቸው ናቸው። ሹፌሩን አስነሥተው አጠገቤ አቆሙት። አጎንብሶ ጉልበቴን ሊነካ ሲል በግራ እጄ ያዝኩት፤ ትከሻውን የያዝኩት ግን ሚዛኔን ስቼ፣ እንዳልወድቅም ነበር። ሰው ሁሉ እንዳቀፍኩት አየ። ከዚያ በኋላማ እቅፍ ሆነ።

ጽሑፉ ሲነበብ ታዲያ መጨረሻው ላይ "ማንኛውንም ጥያቄዬን ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ" ይላል። የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው የጻፉት፤ ነገሩ እንዲያምር ብለው።

"አባቴ፣ ይህቺን ቃል አውጡልኝ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ይቅርታ ግማሽ የለውም እኮ።"

"ለእሱ ሙሉ ይቅርታ አድርጌያለሁ። መድን ድርጅቱ ግን አላስቀየመኝም፣ የምምረውም ነገር የለም። የምጠይቀው የሚገባኝን ነው።"

አባባ ጭራቸውን እያወዛወዙ "ዱጋ ጀቴ፣ እውነቷን ነው" አሉ። "መኪናው ኢንሹራንስ የሚገባው ለዚህ ቀን አይደል? አውጣው።" ቃሉ ወጣ። እህቴ ያኔ የቀረበላትን ሻይ ጠጣች።

ሚኒባሱ ከተለቀቀ በኋላ ሹፌሩ ደወለልኝ። ወደ ትምህርት ቤቶቹ መሄድ እንዳለብኝ ሽማግሌዎቹ ፊት ሰምቶ ኖሯል። "ቲቸር፣ እኔ ላድርስዎት። በራሴ ቀን፣ ተሳፋሪ ሳልጭን። የመኪናው ባለቤትም ፈቅዷል" አለኝ። ባለቤቴ ሳቀ። "የገጨሽ ሰው ሊነዳሽ?" አለኝ፤ ቀጥሎ ግን "እሱን የሚያህል ጥንቁቅ ሹፌር አሁን ከየት ይገኛል" አለ። እህቴ ሱቋን ዘግታ አብራን ሄደች። ልትጠብቀኝ ነው።

ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠችና ዐይኗን ከፍጥነት መቁጠሪያው ላይ አላነሣችም። ሞጆን እንዳለፍን ጀመረች።

"ቀስ በል።"

"እትዬ፣ ጋሪ እየቀደመን ነው እኮ።"

"ይቅደመን። ጋሪው ይቸኩላል፣ እኛ አንቸኩልም።"

ቆቃን ስናልፍ ውኃው በግራችን ነበር፤ ከክረምቱ በኋላ ሞልቷል። ዓለም ጤና ስንደርስ መንገዱ ዳር ሽንኩርት በማዳበሪያ ተከምሮ ሰውና ከባድ መኪና ተደበላልቆ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከዓመታት በፊት የሣልኩት የኢትዮጵያ ካርታ ግድግዳው ላይ አለ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን አለ። ቀረብ ስል አንድ ነገር አየሁ፤ ዓለም ጤና መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ተልጦ ሲሚንቶው ወጥቷል፣ ክብ ሆኖ፣ በሳንቲም መጠን።

ርዕሰ መምህርቷ ከጎኔ ቆማ "ልጆቹ ናቸው" አለችኝ። "በእረፍት ሰዓት እየመጡ 'እዚህ ነን' እያሉ በጣታቸው ይነካሉ። ብንከለክላቸውም አይሰሙም።"

ካርታ ስሥል ብዙ ጊዜ የምጨነቀው ለድንበሩና ለወንዙ ነው። ልጆች ግን መጀመሪያ የሚፈልጉት ራሳቸውን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ሹፌሩም ጠጋ ብሎ በጣቱ ከዓለም ጤና ወደ ታች መቂን፣ ባቱን፣ ነገሌን እየነካ ወረደ። "ይኼ የእኔ መስመር ነው" አለ፤ በየቀኑ የሚነዳውን መንገድ ከላይ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

ማስረጃው ወዲያው ተጽፎ ማኅተም ተደረገበት። ባቱ ላይ ዓሣ ለመብላት ቆምን። እህቴ ሹፌሩን "አንተ ጭንቅላቱን አትበላም?" ብላ ጠየቀችው፤ አልበላም ሲል የእሱን ጭንቅላት አንሥታ የራሷን ዓሣ ወገብ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ "ቀስ በል" ማለቷን ቀነሰች፤ ጨርሳ ግን አልተወችም።

አርሲ ነገሌ የእህል ገበያ ቀን ነበር። አህያውና ጆንያው መንገዱን ዘግቶ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ብዙ ጠበቅን። ርዕሰ መምህሩ ሽበታም፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከቢሯቸው ወጥተው "አካም ጅርቱ፣ ባርሲስቱ! እንዴት ነሽ መምህርት፣ ክንድሽን ምን ነካብኝ?" አሉ። ስነግራቸውና ሹፌሩን ሳሳያቸው እሱን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አንቺን ገጭቶ አንቺን ያዞራል?"

"አዎ።"

"ሀዬ፣ እሺ፣ ግቡ።"

ማስረጃዬን እየጻፉ ስለ ካርታው ቅሬታ እንዳላቸው ነገሩኝ። ስምጥ ሸለቆውን ስሥል የአብያታን ሐይቅ ትልቅ አድርጌዋለሁ። "ያኔ ልክ ነበርሽ" አሉኝ። "አሁን ግን ውኃው ሸሽቷል። ልጆቹን እዚያ ድረስ ወስጄ ሳሳያቸው 'የቲቸር ካርታ ይዋሻል' ይሉኛል። ስትድኚ መጥተሽ አሳንሺልን።" ስድን እንደምመጣ ቃል ገባሁ። ቃሉን ስሰጥ እንደምድን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን የሚጠብቀኝ ሥራ መኖሩ ደስ አሰኘኝ።

የቀረው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ እህቴ ጠዋት ቁርስ ላይ መጣች።

"ስሚኝ" አለች፣ ባለቤቴ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "'ክንድሽን አንሺ' ሲሉሽ እስከ ደረትሽ ብቻ አንሺው። እዚያ ላይ 'ውይ' በይ።"

"ከደረቴ በላይ ይነሣል እኮ።"

"ይነሣል፣ ግን ያምሻል አይደል? ሕመሙን በምን ያዩታል? አንቺ ነሽ የምታሳያቸው።"

አልተቆጣኋትም፤ ጭራሽ ነገሯ ልክ መሰለኝ። ሕመም አይታይም፤ ሌሊት በቀኝ ጎኔ መተኛት አለመቻሌ አይታይም። መኝታ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ሞከርኩት። እስከ ደረት አነሣሁ፣ ፊቴን አጨማደድኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስሞክር ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ትናንት ከቁም ሳጥኑ ብርድ ልብስ አወረድሽ አይደል?" አለኝ።

"ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር።"

"እሺ" ብሎ ሄደ።

ቦርዱ ፊት ስገባ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም ነበር። ሐኪሞቹ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ጠያቂው ጎልማሳ ሐኪም ፋይሌን እያገላበጠ ነው፤ የዓለም ጤናው ካርታ ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይህን እርስዎ ነዎት የሣሉት?"

"አዎ።"

"አፍሪካንም ይሥላሉ?"

"በደንብ።"

ተነሥቶ ወደ ባዶው ግድግዳ አመለከተኝ። "እስቲ እዚህ ግድግዳ ላይ ቢሆን፣ ደቡብ አፍሪካ የት ትሆናለች?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሃያ ምናምን ዓመት ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሲጠየቅ ዝም ማለት አልችልም። ሄጄ በቀኝ እጄ ወገቤ አካባቢ ነካሁ። "እዚህ።" "ኬንያስ?" ደረቴ ትይዩ ነካሁ። "ኢትዮጵያ?" ከኬንያ ከፍ አልኩ። "ሱዳን?" ትከሻዬ ድረስ፣ ትንሽም አለፍ አድርጌ አነሣሁ። "ግብፅ?"

ግብፅን ልነካ ክንዴን ላክሁት፤ ሱዳን ላይ ቆመ። ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት፤ አልሄደም። ላቤ መጣ። እስክጨርሰው ድረስ የእህቴ ምክር ትዝም አላለኝ።

ሐኪሙ ክንዴን በእጁ ደግፎ ቀስ አድርጎ አወረደልኝና "ገባኝ" አለ። "ይበቃል፣ አያስገድዱት።" ጓደኞቹም ሣቁ፤ አንዷ ሐኪም "ሜዲትራኒያን ቀረ በሉኛ" አለች። እኔም ሣቅሁ። ውጪ እህቴ "እንዴት ሆነ?" ስትለኝ "ሱዳን ደርሼ ተመለስኩ" አልኳት፤ ጭንቅላቴም የተመታ መስሏት ደነገጠች።

የቦርዱ ውሳኔ ሲወጣ እህቴ እንደጠበቀችው ከፍተኛ አልነበረም፤ እኔ እንደፈራሁትም ዝቅተኛ አልነበረም። መድን ድርጅቱ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ የካርታዎቹን ሥራ ከናካቴው አልቆጠረውም። አልተቀበልኩም። መነጽር ያደረገችው ልጅ "ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ከጎኑ ፎቶዎቹን እንደገና አያይዛለሁ" አለችኝ፤ እንዳለችው አደረግን። በቸርቻችን ያለ አንድ ጠበቃ ጉዳዩን አይቶ ፍርድ ቤት ብሄድ ምናልባት የበለጠ አገኝ እንደነበር፣ ግን ረጅም ጊዜ እንደሚፈጅ ነገረኝ። እኔና ባለቤቴ ጸለይንበት፣ ተነጋገርንበት። ሁለተኛው ሐሳብ ሲመጣ የጠፋውን የክረምት ሥራዬን ቆጥረውልኝ ነበር። ፈረምኩ። እህቴ "ትንሽ ብትቆዪ ይጨምሩ ነበር" አለች፤ እስከ ዛሬም ትላለች። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያን ደረጃ ዳግመኛ አለመውጣቴን ከጭማሪው አስበልጬዋለሁ።

ሹፌሩ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፤ እርቁም ታየለትና በመቀጮ ተለቀቀ። ያን ዕለት ማታ ሚስቱ ደውላ በምስጋና ፈንታ የምግብ አሠራር ጠየቀችኝ፤ የእርቁ ዕለት እኛ ቤት የበላችውን የቀይ ሥር ሰላጣ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል እንጠራራለን፣ ለእነሱም ለእኛም። እህቴ ጨርቅ ወደ ሻሸመኔ ስትልክ በሌላ መኪና አትልክም። "ያ ልጅ ፍሬን መያዝ ተምሯል" ትላለች።

ከካሣው በከፊል ብረት ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ተገጣጣሚ መወጣጫ አሠራሁ። ላዩ ላይ ስቆም የግድግዳው አናት ደረቴ ላይ ይሆናል፤ ክንዴ ከዚያ በላይ እንዲወጣ አይጠየቅም። በቀጣዩ ክረምት አርሲ ነገሌ ሄጄ አብያታን አሳነስኩ። ቀኝ እጄ ሲደክም ግራዬን እሞክራለሁ፤ በግራዬ የሣልኩት የባሕር ዳርቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከሩቅ ሲያዩት ግን ማዕበል ይመስላል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክንዴን በሙቅ ውኃ ውስጥ እንዳንቀሳቅስ መክራኛለችና አሁን ባለቤቴ መስክ በማይወጣበት ቅዳሜ ሶደሬ እንሄዳለን። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሁለታችን ብቻ ለራሳችን የወጣንባቸው ቀናት ብዙ አይደሉም። እሱ መዋኘት አይችልም፤ ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ጠቅልሎ ገንዳው ዳር ይቀመጥና ብርቱካን ይልጣል። ዝንጀሮዎቹ ከዛፍ ላይ ያዩታል፣ ባለፈው አንዷ ወርዳ ከእጁ ነጥቃው ሄደች፤ እሱም ሌላ ላጠ። እኔ ውኃው ውስጥ አንገቴ ድረስ ገብቼ ክንዴን ወደ ጎን እዘረጋለሁ፣ ወደ ላይ አነሣለሁ። ውኃው ይሸከምልኛል፤ አየር ላይ ከሚደርስበት አልፎ ይሄዳል።

"አይበቃሽም? ቆዳሽ ተጨማደደ" ይለኛል።

"ትንሽ ቆይ" እለዋለሁ፤ እሱም ይቆያል።